ባትሪው ወደ ማን ቤት ሄደ?

በእንግሊዝ አገር በመዳብ ሽቦ የሚሠራው የቤት ስልክ ሊዘጋ ነው። የመዝጊያው ቀን መጀመሪያ ለ2025 ማብቂያ ተቆርጦ ነበር፤ ኋላ ወደ ጃንዋሪ 31 ቀን 2027 ተገፋ። (ካልተባለ በቀር ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።) ከዚያ ወዲያ የቤት ስልክ የሚባለው በኢንተርኔት ላይ የሚሄድ አንድ አገልግሎት ይሆናል። ከታች የሚነጋገሩት ሁለት የለንደን ጎረቤታሞች ናቸው፤ እሳቸው አዲስ አበባ ቴሌ ውስጥ በመስመር ሠራተኛነት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ እሷ እዚያው ለንደን ፋይበር በመዘርጋት የምትተዳደር ወጣት። ስም አልሰጠኋቸውም፤ «ጋሼ» እና «ጎረቤት» ይበቃቸዋል።

ጎረቤት፦ ጋሼ፣ ከስልክ ድርጅቱ የመጣውን ደብዳቤ አነበቡት?

ጋሼ፦ አነበብኩት። «ከእርስዎ ምንም አይጠበቅም» ይላል። ዕድሜዬን ቴሌ የፈጀሁ ሰው ነኝ። ድርጅት «ምንም አይጠበቅብዎትም» ካለ አንድ ነገር ሊያሸክመኝ ነው።

ጎረቤት፦ ምን ያሸክምዎታል? ቁጥርዎ ያው ነው፣ ስልክዎ ያው ነው፣ ለመቀየሩም የሚከፍሉት ነገር የለም። ከግድግዳው ነቅለው ሞደሙ ጀርባ ይሰኩታል፣ አለቀ።

ጋሼ፦ የት እንደሚሰካማ አላጣሁትም። የጨነቀኝ የመብራቱ ነገር ነው። የድሮው ስልክ ኤሌክትሪኩን ከየት እንደሚያገኝ ታውቂያለሽ?

ጎረቤት፦ ከማዞሪያው።

ጋሼ፦ ከማዞሪያው! ከማዞሪያው ወደ ካቢኔት፣ ከካቢኔት ወደ ዲፒ፣ ማከፋፈያዋ ሳጥን ማለት ነው፣ ከዲፒ ወደ ቤት። ድምፁ በሚሄድበት በዚያው ጥንድ ሽቦ 48 ቮልት ይመጣል። ማዞሪያው ሥር የባትሪ ክፍል አለ፤ ስትገቢ አሲዱ አፍንጫሽን ይቆነጥጠዋል፣ ባትሪዎቹ እንደ ጋን ተደርድረዋል። ፖዘቲቩ ከመሬት ጋር ይታሰራል፣ ሽቦው ኔጋቲቭ ሆኖ ይወጣል። ለምን ይመስልሻል? በተቃራኒው ቢሆን እርጥበት ያገኘው መዳብ ቶሎ ተበልቶ ያልቅ ነበር። ይህን ያሰቡት ሰዎች ከመቶ ዓመት በፊት ነው ያሰቡት። መብራት ሲሄድ ባትሪው ይሸከማል፣ ባትሪው ሳይደክም ጄኔሬተሩ ይነሳል። አዲስ አበባ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ጨልሞ ስልኩ ይሠራ ነበር። ሰው መብራት ኃይል ደውሎ «መብራት ሄደብን» ብሎ የሚያመለክተው በምን ነበር? በዚያው ስልክ።

ጎረቤት፦ እንዳይነዝርዎ አይፈሩም ነበር? ምሰሶ ላይ ወጥተው ሽቦውን በእጅ ይዘው።

ጋሼ፦ 48ቱ ምንም አይልሽም። ሽቦውን እንደያዝሽ ሰው ወደዚያ ቁጥር የደወለ እንደሆነ ነው ጉዱ። የደወሉ ኤሌክትሪክ ሌላ ነው፣ ተለዋዋጭ ነው፣ ቮልቱም ከፍ ያለ ነው። ከመሰላል ሊያወርድሽ ይችላል። ስንት ጓደኛችንን በዚያ ስቀንበታል መሰለሽ!

ጎረቤት፦ እንግዲህ እኔ የምዘረጋው ፋይበር አይነዝርም። መስታወት ነው፤ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፣ አልደብቅዎትም። መስታወቱ ቤት ሲደርስ ብርሃኑን የሚተረጉም ትንሽ ሳጥን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ከሱ ቀጥሎ ሞደሙ አለ። ሁለቱም ከቤትዎ ሶኬት ነው የሚበሉት። መብራት ከሄደ ሁለቱም ይጠፋሉ፣ ስልኩም አብሮ ይጠፋል።

ጋሼ፦ አየሽ? ድሮ ባትሪውን እንዲጠብቅ የተቀጠረ ሰው ነበር። አሁን ጠባቂው እኔ ሆንኩ። ሥራው ሲተላለፍልኝ ደመወዙ አልተላለፈም።

ጎረቤት፦ ልክ ነዎት፣ ግን አንድ ልጠይቅዎ። ሳሎን ያለው ስልክዎ ምን ዓይነት ነው? ገመድ አልባው አይደለም? ማስቀመጫው ሶኬት ላይ ተሰክቶ የለም? መብራት ሲሄድ እሱም ይሞታል። ማዞሪያው 48 ቮልቱን እየላከልዎ እርስዎ አልተቀበሉትም። አብዛኛው የለንደን ቤት እንዲሁ ነው። ያንን ጥቅም ሰዉ ራሱ ከብዙ ዓመት በፊት ጥሎታል።

ጋሼ፦ ባለገመዷ መኝታ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ አለች። ለክፉ ቀን።

ጎረቤት፦ እንደ እርስዎ ያስቀመጠ ስንት ሰው አለ?

ጋሼ፦ ጥቂት ነው፤ ይሁን። ግን መጠቀም ትቶ መብቱን ይዞ መቀመጥና መብቱን ጭራሽ መነጠቅ አንድ አይደለም። የባለገመድ ስልክ ዋጋ እዚህ ስንት ነው? ከምሳ አይበልጥም። የፈለገ ሰው ነገ ገዝቶ ይሰካል፣ ይሠራለታል። ከጃንዋሪ 2027 በኋላ ግን የመቶ ፓውንድ ስልክ ቢገዛም ያንን አያገኝም።

(እዚህ ላይ እኔም ከጋሼ ጋር ነኝ። ስለዚህ ለውጥ የሚጻፈው ሁሉ የድምፅ ጥራትና ፍጥነት ላይ ይረባረባል። ከድርጅቱ ትከሻ ወርዶ ወደ ቤት ባለቤቱ ትከሻ ስለተሸጋገረው ኃላፊነት የሚያነሳው ጥቂት ነው።)

ጎረቤት፦ ታዲያ ምን ያድርጉ? እነዚያ ማዞሪያዎች አርጅተዋል። እዚህ አገር የሚሠሩት ሲስተም ኤክስ እና የኤሪክሰኑ ኤኤክስኢ 10 ናቸው።

ጋሼ፦ ኤሪክሰንን ለቴሌ ሰው አትንገሪው።

ጎረቤት፦ እሺ፣ ያውቁታል። የ1980ዎቹ ዕቃ ነው። መለዋወጫ የሚያመርትላቸው የለም፤ ከተዘጋው ነቅለው ላልተዘጋው ይገጥማሉ። ጠጋኙም እንደ እርስዎ ጡረታ እየወጣ ነው። የኔ እኩዮች ያንን ማሽን ክፈቱ ቢባሉ ከየት እንደሚጀምሩ አያውቁም። ሆላንድና ኢስቶኒያ ከጨረሱ ቆይተዋል። ደግሞ ሕንፃውን ያስቡት፤ መሃል ከተማ ላይ ስንት ፎቅ የያዘ ማዞሪያ ነው ያለው። ወደ 5,600 የሚሆኑትን ማዞሪያዎች ወደ 1,000 ሊያወርዷቸው አቅደዋል። ፋይበር ረጅም መንገድ ስለሚሄድ በየሰፈሩ ማዞሪያ አያስፈልገውም።

ጋሼ፦ እንግዲያው ምክንያቱ ይኸው ነው፣ ሕንፃው። እንዲህ ብለው ቢጽፉልኝ ምን ነበረበት? «ለእርስዎ የተሻለ አገልግሎት» ይላሉ።

ጎረቤት፦ ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል።

ጋሼ፦ አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልንገርሽ። በእኛ አገር በኢንተርኔት ስልክ ማስደወል ወንጀል ነበር። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004፣ ይኼ እንኳ በኛ አቆጣጠር ነው። በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ ወይም የፋክስ አገልግሎት የሰጠ ከ3 እስከ 8 ዓመት ይታሰራል ይል ነበር። ስካይፕ የነካ ሁሉ ሊታሰር ነው ተብሎ ወሬው በዓለም ተናኘ፤ መንግሥትም ለግል መጠቀም አልከለከልኩም ብሎ አስተባበለ። ይኸው ዛሬ ደግሞ የእንግሊዝ አገር ስልክ በሙሉ ያ ወንጀል ሊሆን ነው!

ጎረቤት፦ ያኔ እርስዎ ከየትኛው ወገን ነበሩ?

ጋሼ፦ ጡረታ ወጥቼ ነበር፤ ሆዴ ግን ከቴሌ ጋር ነበር። የቴሌ ዶላር ይገባ የነበረው ከውጭ አገር በሚደወል ስልክ ነው። በየጓዳው ዕቃ ተክለው ጥሪውን በኢንተርኔት እያስገቡ ዶላሩን ሲቀሙ ሌብነት ነው የመሰለኝ። አሁንም የሚመስለኝ እንደዚያው ነው። ሌብነቱ ግን ገንዘቡ ላይ ነው እንጂ ድምፁ በምን መንገድ ሄደ የሚለው ላይ እንዳልሆነ ዘግይቶ ነው የገባኝ።

ጎረቤት፦ ድምፁማ ከዓመታት በፊት መንገድ ቀይሯል። ድርጅት ከድርጅት የሚያቀባበለው ጥሪ በአብዛኛው በኢንተርኔት ቋንቋ ነው የሚሄደው። በመዳብ የቀረው ከሰፈሩ ማዞሪያ እስከ ቤትዎ ያለችው መንገድ ብቻ ነበረች። አሁን እሷ ነች የምትቀየረው።

ጋሼ፦ እሷ ነበረች የኔ እንጀራ። በይ ቀጥዪ፣ ድምፁስ?

ጎረቤት፦ ሲናገሩ መሣሪያው ድምፅዎን በሴኮንድ 8,000 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱን ልክ ቁጥር አድርጎ በየ20 ሚሊሴኮንዱ እየጠቀለለ ይልካል። በሴኮንድ 50 ጥቅል ማለት ነው። ጥቅሎቹ በተራ ከደረሱ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። አንዱ ከዘገየ ይጣላል፤ ቃሉ መሃሉ ላይ ይጎመዳል።

ጋሼ፦ መዳቡ እንዲህ አይጎመድም ነበር። ክረምት ሲገባ ኬብሉ ውሃ ይጠጣና መስመሩ ይሻክራል፣ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ግን ሰውዬው ከጫጫታው ጀርባ አለ፤ ትሰሚዋለሽ። ይኼኛው እያወራ እያወራ ጸጥ ይላል። ዘጋብኝ ትያለሽ፣ እሱ ግን እያወራ ነው።

ጎረቤት፦ እሱ የሚመጣው ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ ፊልም ከፍቶ መስመሩ ሲጨናነቅ ወይም ዋይፋዩ ሲደክም ነው። ስልክዎ በቀጥታ በገመድ ሞደሙ ላይ ከተሰካና ሞደሙ ለድምፅ ቅድሚያ የሚሰጥ ከሆነ እምብዛም አይሰማዎትም። አሮጌው መስመር ደግሞ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነበር የሚያሳልፈው። ስም በፊደል ሲነግሩ «ሰ» ይሁን «ፈ» የማይለየው ለዚያ ነው። አዲሱ በሁለቱም ጫፍ የሚችል መሣሪያ ካለ እስከ 7,000 ይሄዳል።

ጋሼ፦ አዲስ አበባ ስደውልስ?

ጎረቤት፦ ያ የሁለቱም ጫፍ ጉዳይ ነው። እህትዎ ያለችበት መስመር ካልቻለ እንደ ድሮው ይሰማሉ።

ጋሼ፦ እህቴን ካነሳሽ ዘንድ፣ እሷ ቫይበር አታውቅም፣ ዋትስአፕ አታውቅም። ቁልፍ የምትጫን ትንሽ ስልክ ናት ያለቻት። እኔ ካርድ ገዝቼ ነው የምደውልላት። በካርዱ ላይ ያለውን ቁጥር እመታለሁ፣ ሴትየዋ ፒን አስገባ ትለኛለች፣ ከዚያ 00251 ብዬ እቀጥላለሁ። ያ ይቀራል?

ጎረቤት፦ አይቀርም። የካርዱ ነገር የሚሠራው ቁልፉን ሲጫኑ በሚወጣው ቃና ነው፤ ያ ቃና በአዲሱም ይተላለፋል። ብቻ የለንደን ቁጥር ሲደውሉ ከእንግዲህ 020ን መዝለል አይችሉም። በብዙዎቹ አዲስ መስመሮች ላይ ጎረቤትዎ ጋ ሲደውሉም ሙሉውን ቁጥር ነው የሚመቱት።

ጋሼ፦ እሱ አይገድም። ቁጥሬስ? ይቺ ቁጥር አዲስ አበባ በየዘመዱ ደብተር ላይ ተጽፋለች። ማን ሞተ ማን ወለደ የሚመጣው በሷ ነው።

ጎረቤት፦ ቁጥርዎ ይከተልዎታል። አንድ አደራ ግን አለኝ፤ ወደ ሌላ ድርጅት ለመዛወር ከወሰኑ አሮጌውን ራስዎ ደውለው እንዳይዘጉት። ከዘጉት ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል፣ መመለሱ ዋስትና የለውም። አዲሱን ድርጅት «ቁጥሬን አምጡልኝ» ይበሉት፣ አሮጌው በራሱ ይዘጋል። ሌላው፣ «የስልክ መስመርዎን ለመቀየር ነው፣ የባንክ ካርድ ቁጥርዎን ይንገሩን» የሚል ሰው ቢደውል ጆሮው ላይ ይዝጉበት። በዚህ ለውጥ ስም ብዙ ሌባ ሥራ ይዟል።

ጋሼ፦ እሱን ለኔ ተዪው፤ ሌባ በስልክ ማነጋገር እወዳለሁ። አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ባለቤቴ።

ጎረቤት፦ አንገታቸው ላይ ያለው ቁልፍ።

ጋሼ፦ ወድቃ ያን ቁልፍ ስትጫን ሳጥኑ በስልኩ መስመር ደውሎ ሰው ይጠራል። ሳጥኑን የሰጠን ካውንስሉ፣ የሰፈሩ አስተዳደር ነው። ደብዳቤው ስለሱ በትንሽ ፊደል አንድ መስመር ጽፎ አልፏል። እኔ መጽሐፍም ልጻፍበት ቢባል ስለዚያ መስመር ነው የምጽፈው።

ጎረቤት፦ እዚህ ላይ አልከራከርዎትም። በዚህ አገር ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንዲህ ያለ ቁልፍ አለው። ብዙዎቹ ሳጥኖች ለመዳብ መስመር የተሠሩ ናቸው፤ የሚነጋገሩት በቃና ነው። ቅድም ያልኩዎት የጥቅል ነገር ቃናውን ሊያዛባው ይችላል። የሰው ጆሮ የተቆረጠ ቃል ይሞላል፤ ሳጥን አይሞላም፣ ጥሪው ይከሽፋል። ደርሶ ነው የምልዎት። መስመራቸው ከተቀየረ በኋላ ቁልፉ ያልሠራላቸው ሰዎች ከባድ አደጋ ስለደረሰባቸው በዲሴምበር 2023 ትላልቆቹ ድርጅቶች ከመንግሥት ጋር የቃል ኪዳን ሰነድ ፈረሙ። ቁልፉ መሥራቱ ሳይረጋገጥ የማንንም መስመር ላያዛውሩ ተስማሙ።

ጋሼ፦ ከአደጋው በኋላ።

ጎረቤት፦ ከአደጋው በኋላ። አዎ።

ጋሼ፦ ማን ነው እሷ ቁልፍ እንዳላት የሚነግራቸው? ድርጅቱ ካውንስሉን ይጠይቃል? ካውንስሉ ድርጅቱን ይጠይቃል? ወይስ እዚህም ጠባቂው እኔ ነኝ?

ጎረቤት፦ አንዳንድ ካውንስል ስም ዝርዝሩን ለድርጅቶቹ ይሰጣል፣ አንዳንዱ አይሰጥም። ስለዚህ እርስዎ ነዎት። መጀመሪያ ወደ ስልክ ድርጅቱ ደውለው በቤቱ ቁልፍ ያለው ሰው እንዳለ ያስመዝግቡ። ቀጥሎ ካውንስሉ ሳጥኑን እንዲቀይር ይጠይቁ፤ የሞባይል ሲም ያለውና የራሱ ባትሪ ያለው አለ፣ ከሞደሙ ጋር ጉዳይ የለውም። መስመሩ በተቀየረ ዕለት ደግሞ ቁልፉን ተጭነው «ሙከራ ነው» ይበሏቸው። «ሰምተናል» ብለው ካልመለሱልዎ ዕቃውን አምጥቶ የገጠመውን ሰው ከቤት እንዳያስወጡት።

ጋሼ፦ ይህን ደብዳቤው ላይ መጻፍ ይችሉ ነበር። ስለ መብራቱስ ምን አሉ? አሁን እውነቱን ንገሪኝ።

ጎረቤት፦ ኦፍኮም የሚባለው ተቆጣጣሪ ያስገድዳቸዋል። የቤት ስልክ ብቻ ላለው፣ ወይም ቤቱ ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ ለማያገኝ ሰው መብራት ሲሄድ ቢያንስ ለ1 ሰዓት የአደጋ ጥሪ ቁጥሩን 999 የሚያስደውል ነገር በነፃ መስጠት አለባቸው። ለሞደሙ ባትሪ ሊሆን ይችላል፣ በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራ ስልክም ሊሆን ይችላል።

ጋሼ፦ 1 ሰዓት።

ጎረቤት፦ ቢያንስ።

ጋሼ፦ በኖቬምበር 2021 ስኮትላንድና ሰሜን እንግሊዝን አርዌን የሚባል ማዕበል መታው። ከሳምንት በላይ መብራት ያላገኘ ቤት ነበር። አንዲት አሮጊት በገጠር ብቻዋን በ1 ሰዓት ባትሪ ሳምንት ታድራለች?

ጎረቤት፦ አታድርም። ያንኑ ክረምት ሌላም ማዕበል ተከትሎ ቅሬታው ስለበዛ ትልቁ የስልክ ድርጅት ቢቲ ራሱ በማርች 2022 ማዘዋወሩን ለጊዜው አቁሞ ነበር። 1 ሰዓት ትንሽ ነው፣ እኔም አምናለሁ። እዚህ ለንደን መብራቱ መሬት ውስጥ በተቀበረ ኬብል ስለሚመጣ ቢሄድም ብዙ አይቆይም። ገጠሩን ሳስብ ግን ያሠለጠኑኝ ሰዎች «1 ሰዓት ይበቃል» የሚሉት አይዋጥልኝም። በዚያ ላይ ሞባይል አለ ይባላል፤ የሞባይሉ ማማም ከዚያው መብራት ነው የሚበላው።

ጋሼ፦ እኔም ሞባይሉ በረንዳ ካልወጣሁ አይሠራልኝም።

ጎረቤት፦ ሳሎን ሲሆኑ በዋይፋይ አይደል የሚደውሉት? እሱም ሞደሙ ሲጠፋ ይጠፋል። ስለዚህ እርስዎ ባትሪው ይገባዎታል። «ቤቴ ውስጥ ኔትወርክ የለም፣ ባለቤቴ የአደጋ ቁልፍ አላት» ይበሏቸው፤ ሁለቱን ቃል ሳይሰሙ ባትሪ ይልኩልዎታል ብለው አይጠብቁ። ለመብራት ድርጅቱም ያስመዝግቡ፤ አቅመ ደካሞችን የሚይዙበት መዝገብ አላቸው። መብራት ሲሄድ የሚደወልበት ቁጥር 105 ነው።

ጋሼ፦ 105 ለመደወል መብራት ያስፈልገኛላ!

ጎረቤት፦ (ትስቃለች) በረንዳ ይውጣሉ።

ጋሼ፦ በጥር በረዶ። ይሁን። ሳሎኑና መኝታ ቤቱ ሁለቱም ጋ የስልክ ሶኬት አለኝ፤ በገዛ እጄ የዘረጋሁት። እነሱስ?

ጎረቤት፦ ይሞታሉ። ስልክ የሚኖረው ሞደሙ ባለበት ነው። መኝታ ቤት ከፈለጉ ወይ ሁለተኛ ገመድ አልባ ቀፎ ያደርጋሉ፣ ወይ ከመብራት ሶኬት ላይ የሚሰካ ማስተላለፊያ ይጠይቃሉ። ያቺ ባለገመዷስ ምን ዓይነት ናት፣ ባለቁልፍ ናት ባለማዞሪያ?

ጋሼ፦ ባለማዞሪያ። ጥቁሯ።

ጎረቤት፦ ብዙዎቹ ሞደሞች ቁጥሩ ሲዞር የሚወጣውን ምት አይረዱም። ሲደወልላት ትጮሃለች፣ እርስዎም አንስተው ያወራሉ። መደወል ግን አትችልም።

ጋሼ፦ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳት እኮ ለመደወል ነው። በይ ተዪያት። ብዕር አምጪና ጻፊ። መጀመሪያ ካውንስሉ፣ ሳጥኑን ባለሲም ያድርግልን። እሱ መጥቶ ባለቤቴ ቁልፉን ተጭና ሰው ከመለሰላት በኋላ የስልክ ድርጅቱ ቀን ይቁረጥ፤ ባትሪውንም በዚያው ቀን ይዞ ይምጣ። ከዚያ በፊት ቢመጡ በሩን አልከፍትም።

ጎረቤት፦ ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ግን የሚቀጥለው ወር ነው።

ጋሼ፦ ቀኑን የጻፉት እነሱ ናቸው። ደውዪላቸውና ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጊልኝ፣ እኔ አነጋግራቸዋለሁ።